የመንደር ፖስታ ቤት የሥራ ሰዓት ለማይመቻቸው ተገልጋዮች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

«ፖስታ ቤቱ የሚከፈተው እኔ ሥራ ላይ ስሆን ነው፤ ከሥራ ስመለስ ተዘግቶ ይቆየኛል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከመመለስ ሙሉውን አሠራር በአንድ ቦታ ጽፌ ማስቀመጥን መርጫለሁ። መመሪያው የሚጠቅመው አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ብቻ ባለው፣ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ወይም በሳምንት ለጥቂት ቀናት ብቻ በሚከፈት የመንደር ፖስታ ቤት ለሚገለገል ሰው ነው። የመመሪያው መሠረት አንድ ነው፦ የተከፈተ የአገልግሎት መስኮት የሚፈልገው ሁሉም የፖስታ ጉዳይ አይደለም። መስኮት የግድ የሚፈልገውን ጉዳይ ከማይፈልገው ለይተው ካወቁ፣ የሚያመላልስዎት ነገር በእጅጉ ይቀንሳል፤ የቀረውንም አስቀድመው ተዘጋጅተው በአንድ ጉዞ ሊጨርሱት ይችላሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተር ወይም የቀን መቁጠሪያ
- እስከ 2 ኪሎ ግራም በትክክል የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን እና ማስመሪያ ወይም ሜትር
- በተለያየ ዋጋ የተገዙ ቴምብሮች፣ ፖስታዎች፣ የማሸጊያ ቴፕ
- ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ እና ፎቶ ኮፒው
- ጥርት ያለ ፎቶ የሚያነሣ ስልክ
- ወደ ውጭ አገር ዕቃ የሚልኩ ከሆነ የጉምሩክ መግለጫ ቅጾች፤ ከፖስታ ቤቱ ሦስት ወይም አራት አስቀድመው ይውሰዱ

ሚዛኑ 2 ኪሎ ግራም መድረስ ያለበት በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ ለደብዳቤ መልእክት የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 2 ኪሎ ግራም ስለሆነ ነው። ከዚያ የሚበልጠው በጥቅል ስለሚስተናገድ በቤትዎ ቢመዝኑትም ወደ መስኮቱ መሄድዎ አይቀርም።

ደረጃ 1፦ በሩ ላይ ከተለጠፈው ሰዓት ሌላ ያሉትን ሰዓታት ይወቁ

ብዙ ሰው የሚያውቀው በሩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ብቻ ነው። ለጉዳይዎ መሳካት ግን ከእነዚህ ይልቅ የሚወስኑት ሌሎች አራት ሰዓታት ናቸው፤ አንድ ጊዜ በአካል ሄደው ሠራተኛውን በትሕትና ይጠይቁና በደብተርዎ ይመዝግቡ።

የመጀመሪያው የሚላከው ፖስታ በከረጢት ታሽጎ ከመንደሩ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ መስኮቱ ክፍት ሆኖ ቢያገኙትና ደብዳቤዎን ቢያስረክቡ፣ ደብዳቤው የሚንቀሳቀሰው በሚቀጥለው ጉዞ ነው፤ መኪናው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት መንደር ይህ የብዙ ቀን መዘግየት ማለት ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ፖስታ የሚደርስበትና ተለይቶ ተመዝግቦ የሚያልቅበት ሰዓት ነው። ከረጢቱ ሲገባ ያዩ ተገልጋዮች ወዲያው መስኮቱ ላይ ይሰለፋሉ፤ ይሁን እንጂ በፊርማ የሚወጣ መልእክት መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ ከምዝገባው በኋላ መድረስ ይሻላል። ሦስተኛው የእረፍት ሰዓት ነው፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ባለበት ቤት ተተኪ ስለሌለ በእረፍት ሰዓት በሩ ይዘጋል። አራተኛው የገንዘብ አገልግሎት የሚያበቃበት ሰዓት ነው። ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ሒሳቡን መዝጋት ስላለበት ሐዋላና የመሳሰለው አገልግሎት ብዙውን ጊዜ ከበሩ ቀድሞ ይቋረጣል።

በዚያው ጉብኝት የፖስታ ቤቱን ስልክ ቁጥር ይቀበሉ፤ ሠራተኛው ሲታመም ወይም ለስብሰባ ሲጠራ ቤቱ ያለማስታወቂያ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከመነሣትዎ በፊት መደወል ባዶ ጉዞን ያስቀራል።

ደረጃ 2፦ ጉዳዮችዎን ለይተው ይደልድሉ

ከፊትዎ ያሉትን የፖስታ ጉዳዮች በሙሉ ይጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን «መስኮት አይፈልግም»፣ «በሌላ ሰው ይሆናል» ወይም «እኔው መገኘት አለብኝ» ብለው ምልክት ያድርጉ። ተራ ደብዳቤ መላክ መስኮት አይፈልግም። ጥቅል ማስረከብ፣ ቴምብር መግዛት እና በአብዛኛው የመጣ ዕቃ መረከብ በሌላ ሰው ይሆናል። ገንዘብ መቀበል፣ የፖስታ ሣጥን ውል መፈረም እና «ለባለቤቱ ብቻ» ተብሎ የተላከ መልእክት መውሰድ ግን እርስዎን ይጠይቃሉ። ይህን ድልድል ሳይሠሩ ፈቃድ መጠየቅ አይመከርም፤ ከሥራ ገበታዎ ፈቃድ የሚያስፈልግዎት ለመጨረሻዎቹ ብቻ ነው፤ እነርሱም ተጠራቅመው በአንድ ቀን ሊያልቁ ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ የመስኮቱን ሥራ በከፊል ወደ ቤትዎ ይውሰዱ

ለአንድ ወይም ለሁለት ወር የሚበቃ ቴምብር በአንድ ጊዜ ይግዙ። ሲገዙ አንድ ዓይነት ዋጋ ያለውን ብቻ ሳይሆን ትናንሽ ዋጋ ያላቸውንም ይቀላቅሉ፤ የደብዳቤው ክብደት ከመጀመሪያው የታሪፍ እርከን በጥቂት ግራም ሲያልፍ ልዩነቱን በትንሹ ቴምብር ይሞላሉ። የታሪፍ ሠንጠረዡን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ታሪፍ በየጊዜው ስለሚሻሻልም በሄዱ ቁጥር ያነጻጽሩት።

ሲመዝኑ ፖስታው፣ ቴፑና ቴምብሩ ጭምር ከሚዛኑ ላይ ይሁኑ። የሚዛኑ ንባብ ከእርከኑ ወሰን ጋር በጣም ከተቀራረበ የሚቀጥለውን እርከን ይክፈሉ፤ የቤት ሚዛን ከፖስታ ቤቱ ሚዛን በጥቂት ግራም ሊለይ ይችላልና። ክፍያው ከጎደለ ደብዳቤው ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ አለዚያም ተቀባዩ ጉድለቱን እንዲከፍል ይጠየቃል። በሁለቱም መንገድ ያተረፉት ጊዜ ይጠፋል።

ወደ ውጭ አገር ዕቃ የሚልኩ ከሆነ የጉምሩክ መግለጫውን በቤትዎ ሞልተው ይሂዱ። አነስተኛ ዋጋ ላለው ዕቃ ሲ ኤን 22 የሚባለው ትንሹ ቅጽ ይበቃል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ሲ ኤን 23 የሚባለው ሰፊው ቅጽ ያስፈልጋል። የዕቃውን ዓይነት ሲጽፉ «ስጦታ» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ክብደቱንና ዋጋውን ይግለጹ። እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ዕቃ የያዘ ዓለም አቀፍ ፖስታ መረጃው አስቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተቀባዩ አገር መተላለፍ ስላለበት፣ ሠራተኛው ቅጹን ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጠዋል፤ የፖስታ ድርጅቱ ቅጹን በኢንተርኔት የሚያስሞላ ከሆነ ይህንን ራስዎ ጨርሰው ቢሄዱ በመስኮቱ የሚቆዩበት ጊዜ ያጥራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የወረቀት ገንዘብ ወይም ሳንቲም በተራ ደብዳቤ ውስጥ አይላኩ። በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት የዋስትና ዋጋ ባልተገለጸበት መልእክት ውስጥ ገንዘብ ማስገባት በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ ቢጠፋም የሚካስዎ የለም።

ደረጃ 4፦ ከበሩ ውጭ ያለውን የደብዳቤ ሣጥን በአግባቡ ይጠቀሙበት

የደብዳቤ ሣጥኑ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን አይዘጋም፤ የሚወስነው ግን ሠራተኛው ሣጥኑን የሚከፍትበት ሰዓት ነው። ከዚያ ሰዓት በኋላ የገባ ደብዳቤ የሚታተምበት የቀን ማኅተም የማግስቱ ወይም የሚቀጥለው የሥራ ቀን ነው። ይህ ለዘመድ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለይግባኝ፣ ለግብር ወይም ለትምህርት ምዝገባ በሚላክ ሰነድ ላይ ግን ሁሉን ነገር ሊወስን ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን የሚቆጠረው በተላከበት ቀን ማኅተም ነው ወይስ ተቀባዩ ዘንድ በደረሰበት ቀን የሚለውን ከሚልኩለት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አረጋግጡልኝ ብለው ይጠይቁ። የቀነ ገደብ ያለበትን ሰነድ በምንም ምክንያት ሣጥን ውስጥ አይክተቱት፤ በመስኮት አስረክበው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይያዙ፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ የሚሆንዎ እርሱ ብቻ ነው።

የአደራ ደብዳቤ፣ ማለትም ሪኮማንዴ፣ በሣጥን አይላክም። ቁጥር የሚሰጠውና የሚመዘገበው በመስኮት ስለሆነ፣ ሣጥን ውስጥ የገባ እንደሆነ እንደ ተራ ደብዳቤ ይጓዛል።

ደረጃ 5፦ የሚመጣልዎት ፖስታ ለእርስዎ በሚመች ቦታ እንዲያርፍ ያድርጉ

የሰዓቱ ችግር በላኪነት ጊዜ ይቻላል፤ በተቀባይነት ጊዜ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ወስደው ቢያስቡበት ይጠቅምዎታል። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. የፖስታ ሣጥን መከራየት። ሣጥኖቹ የተተከሉት ከውጭ በኩል ወይም ከመስኮቱ ሰዓት ውጭ በሚከፈት ክፍል ከሆነ፣ ተራ ደብዳቤዎን በፈለጉት ሰዓት በቁልፍዎ ከፍተው ይወስዳሉ። ሣጥኖቹ ያሉት በተቆለፈው አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ግን ኪራዩ የሰዓቱን ችግር አይፈታውም፤ ከመክፈልዎ በፊት ይህን በዓይንዎ ይመልከቱ።

ለ. ሥራ ወይም ትምህርት በሚውሉበት ከተማ ባለው ፖስታ ቤት መቀበል። ላኪው በአድራሻው ላይ ሙሉ ስምዎን፣ «ፖስት ሬስታንት» የሚለውን ቃልና የዚያን ፖስታ ቤት ስም ይጽፋል፤ መልእክቱም መታወቂያ ይዘው እስኪቀርቡ ድረስ እዚያው ይቆያል። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ በየቀኑ የሚያልፉበት ከተማ ያለው ፖስታ ቤት ከጎንዎ ካለው የመንደር ፖስታ ቤት የበለጠ ቅርብ ነውና። አስቀድመው ግን ያ ፖስታ ቤት አገልግሎቱን የሚሰጥ መሆኑንና ለምን ያህል ቀን እንደሚያቆይ ይጠይቁ።

ሐ. በመሥሪያ ቤትዎ አድራሻ መቀበል። ፈቃድ ማግኘትና መዝገብ ቤቱን ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የግል ጉዳይዎን የሚገልጥ ደብዳቤ ሌላ ሰው ሊከፍተው ስለሚችል ለሕክምናና ለፍርድ ቤት ሰነድ አይስማማም።

የትኛውንም ቢመርጡ ላኪው ስምዎን በመታወቂያዎ ላይ በተጻፈው አኳኋን እንዲጽፍ ይንገሩት። በቤት ስም ወይም በቅጽል ስም የመጣ ዕቃ፣ ሠራተኛው በግል ቢያውቅዎትም እንኳ፣ በደንቡ መሠረት ሊከለክልዎት ይችላል።

ደረጃ 6፦ መጥሪያ ሲደርስዎ በመጀመሪያ ቀኑን ያንብቡ

«ዕቃ መጥቶልዎታል» የሚለው መጥሪያ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ የተጻፈበትን ቀን ይመልከቱ፤ የማቆያው ጊዜ የሚቆጠረው ወረቀቱን እርስዎ ካዩበት ቀን አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ ላልተወሰደ መልእክት የማቆያ ጊዜውን የሚወስነው የየአገሩ ፖስታ ሲሆን፣ በአጠቃላይ ከአንድ ወር እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ከዚህ በጣም ያነሰ ቀን የሚሰጡም አሉ። ጊዜው ካለፈ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል። የመጨረሻውን ቀን አስልተው በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥረው ፖስታ ቤቱ የሚከፈትባቸውን ቀናት ብቻ ይቁጠሩ። በሳምንት ሁለት ቀን በሚከፈት ቤት «አሥራ አምስት ቀን» ማለት በተግባር አራት ወይም ቢበዛ አምስት ዕድል ብቻ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በዓል ላይ ሊውል ይችላል።

መድረስ እንደማይችሉ ካወቁ ቀኑ ሳያልፍ ይደውሉ፤ ተጨማሪ ቀን እንዲሰጥዎት ወይም ዕቃው ወደ ሌላ ፖስታ ቤት እንዲዛወር ይጠይቁ። አንድ ጊዜ ወደ ላኪው ጉዞ ከጀመረ በኋላ ግን ማስቆም አስቸጋሪ ነው።

ደረጃ 7፦ በእርስዎ ፈንታ የሚረከብ ሰው ይወክሉ

ፖስታ ቤቱ የራሱ የውክልና ቅጽ ካለው በዚያ ይጠቀሙ። ከሌለው የሚከተለውን ይዘት በንጹሕ ወረቀት ጽፈው ይፈርሙ፦

«እኔ (ሙሉ ስም)፣ የመታወቂያ ቁጥር (…)፣ በመጥሪያ ቁጥር (…) የመጣልኝን አንድ የአደራ መልእክት በእኔ ስም ፈርመው እንዲረከቡልኝ (የተወካይ ሙሉ ስም)፣ የመታወቂያ ቁጥር (…) ወክያለሁ። ይህ ውክልና ለተጠቀሰው መልእክት ብቻ የሚያገለግል ሲሆን እስከ (ቀን) ድረስ የጸና ነው። ፊርማ፣ ቀን፣ ስልክ ቁጥር።»

ተወካዩ ይህን ደብዳቤ፣ መጥሪያውን፣ የእርስዎን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እና የራሱን ዋናውን መታወቂያ ይዞ ይቀርባል። የመልእክቱ ቁጥርና የማብቂያ ቀኑ መጻፋቸው ለሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ሠራተኛው ያለ ሥጋት ያስረክባል፤ ወረቀቱም በኋላ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ለሌላ ጉዳይ ሊውል አይችልም። ፈርመው ባዶ የተውት ውክልና ለማንም፣ ለቅርብ ዘመድም ቢሆን፣ አይስጡ።

ጎረቤቶችዎም ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው ተራ መግባት ይቻላል፤ አንዱ በዚህ ሳምንት የሁሉንም መጥሪያ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው በሚቀጥለው። ለእያንዳንዱ ባለቤት የተለየ ውክልና መኖሩን ግን አይርሱ። ሰላምታና መተማመን ያለበት ሠፈር ውስጥ ይህ አሠራር ከሁሉም በላይ ያግዛል፤ በተለይ ለአረጋውያንና በአልጋ ላይ ላሉ ሰዎች ብዙ መንገድ ያስቀርላቸዋል።

ደረጃ 8፦ መከታተያ ቁጥሩን ማንበብ ይልመዱ

ዓለም አቀፍ መልእክት ላይ የሚለጠፈው ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት፦ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ እንደገና ሁለት ፊደላት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት መልእክቱ የተነሣበትን አገር ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ፊደል የአገልግሎቱን ዓይነት ይነግርዎታል፦ «አር» (R) ከሆነ የአደራ መልእክት፣ «ኢ» (E) ከሆነ የፈጣን መልእክት አገልግሎት፣ «ሲ» (C) ከሆነ ጥቅል ነው። ስለዚህ ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ለመረከብ ፊርማና መስኮት እንደሚያስፈልግዎት ሊገምቱና ፈቃድዎን ወይም ተወካይዎን ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ከዘጠኙ አኃዞች የመጨረሻው ከቀደሙት ስምንቱ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ አንድ አኃዝ ተሳስተው ካስገቡ ሥርዓቱ «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» የሚልዎት ለዚህ ነው። ላኪውን ከመጠርጠርዎ በፊት ቁጥሩን እንደገና ያስተያዩ።

ዓለም አቀፍ መልእክት ከጠፋ ፍለጋ የሚጠየቀው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በሚቆጠር ስድስት ወር ውስጥ ነው። ደረሰኙን እስከዚያ ድረስ ያቆዩት፤ ቀለሙ ቶሎ የሚጠፋ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ፎቶ ያንሡት።

ደረጃ 9፦ በአካል የሚሄዱበትን ቀን ያቅዱ

ከመነሣትዎ በፊት ይደውሉ። ቤቱ እንደተከፈተ ወይም ከእረፍት በኋላ ወዲያው ይድረሱ፤ ሊዘጋ ሲቃረብ አይሂዱ። መስኮቱ ላይ ሲቀርቡ በመጀመሪያ የሚላከውን ያስረክቡ፣ ቀጥሎ የመጣውን ይረከቡ፣ ቴምብር መግዛቱን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ቅደም ተከተሉ ያስፈለገው ሊዘገይ የማይችለው ከረጢቱ ሳይወጣ መድረስ ያለበት መልእክት ስለሆነ ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ በሐዋላ የሚቀበሉ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቁ፤ በትንሽ ፖስታ ቤት ካዝና ውስጥ የሚቀመጠው ገንዘብ የተወሰነ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሠራተኛውን ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲከፍትልዎት አይለምኑት፤ ዕቃ ወደ ቤቱ ወስዶ እንዲያቆይልዎትም አይጠይቁት። ከሒሳብ መዝጊያ በኋላ የወጣ የአደራ መልእክት ቢጎድል ተጠያቂው እርሱ ነው፤ ለእርስዎ ቀላል የሚመስለው ውለታ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ደረጃ 10፦ የሰዓት ለውጥ በጽሑፍ ይጠይቁ

ለአራት ሳምንታት ያህል ጉዳይዎን ሳያስፈጽሙ የተመለሱባቸውን ቀናትና ሰዓታት ይመዝግቡ፤ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሰዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በጋራ ለሠራተኛው የበላይ ኃላፊ ይጻፉ፤ የመንደሩ ሠራተኛ ሰዓት የመለወጥ ሥልጣን ስለሌለው በእርሱ ላይ መነጫነጭ ጥቅም የለውም። በደብዳቤው ላይ ተጨማሪ ሰዓት ሳይሆን ሽግሽግ ይጠይቁ፦ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ዘግይቶ ተከፍቶ ያው ሰዓት ማታ ላይ እንዲካካስ። ተጨማሪ ሰዓት ተጨማሪ ደመወዝ ስለሚጠይቅ ብዙ ደረጃ አልፎ መጽደቅ አለበት፤ ሽግሽግ ግን ወጪ አይጨምርም። የሚጠይቁት ቀን ከረጢቱ ከሚወጣበት ቀን ጋር እንዳይጋጭ በደረጃ 1 የመዘገቡትን ይመልከቱ። የደብዳቤውን ቅጂ ገቢ አስደርገው ቁጥርና ቀን ያስጽፉበት።

በብዛት የሚፈጸሙ ስሕተቶች

- ታዳጊ ልጅን ለርክክብ መላክ። መታወቂያ የሌለው ሰው በፊርማ የሚወጣ መልእክት አይሰጠውም፤ ቴምብር ለመግዛት ግን ሊላክ ይችላል።
- ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ አሽጎ መሄድ። ይዘቱ ይታይ ከተባለ ሁሉም ይቀደዳል፤ አንዱን ጎን ክፍት ትተው ቴፕዎን ይዘው ይሂዱ።
- ባትሪ፣ ሽቶ ወይም የሚረጭ ቆርቆሮ ሳይጠይቁ ማሸግ። በአውሮፕላን የሚጓዝ መልእክት ላይ ጥብቅ ክልከላ ስላለ ዕቃውን ይዘው የመመለስ ዕድልዎ ሰፊ ነው፤ አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ።
- በዋዜማ መሄድ። ከበዓል በፊት ባለው ቀን ሰልፉ ይረዝማል፣ ቤቱም ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል።
- የላኪውን አድራሻ አለመጻፍ። ተቀባዩ ካልተገኘ ደብዳቤው የሚመለስበት ስለማይኖር ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል፤ የመመለሻ አድራሻዎንም በደረጃ 5 ከመረጡት ቦታ ጋር አንድ ያድርጉት፤ አለበለዚያ የተመለሰው ደብዳቤ በማይመችዎት ሰዓት በሚከፈተው መስኮት ላይ ይጠብቅዎታል።